የካርቦን ናኖቲዩብ ሽፋን በኤሌክትሪክ መስክ ማልበስ፦ ከጥቁሩ ዱቄት እስከ ደረቀው ሽፋን

ካርቦን ናኖቲዩብን፣ ማለትም ከካርቦን የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ቱቦዎችን፣ ብረት፣ ግራፋይት ወይም የካርቦን ጨርቅ ላይ ለማልበስ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቀው መንገድ ኤሌክትሮፎሬቲክ ዲፖዚሽን የሚባለው ነው። ቱቦዎቹ ፈሳሽ ውስጥ ተበትነው ቻርጅ ይይዛሉ፤ ሁለት ኤሌክትሮዶች ገብተው ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ቱቦዎቹ ተቃራኒ ቻርጅ ወዳለው ኤሌክትሮድ ተጉዘው ይለጠፋሉ። የሚያስፈልገው ቢከር፣ የዲሲ ፓወር ሰፕላይ፣ የአልትራሳውንድ ገንዳና ትዕግሥት ነው።

ሽፋን ሲበላሽ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚነካው የቮልቴጁን ቁልፍ ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ብጥብጡ ውስጥ፣ ማለትም ቱቦዎቹ የተበተኑበት ፈሳሽ ውስጥ፣ ነው። በደንብ ያልተበተነ ወይም በደንብ ያልታጠበ ብጥብጥ በየትኛውም ቮልቴጅ አይስተካከልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው አብዛኛው ስለ ብጥብጡ አዘገጃጀት ነው።

ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ምረጡ

የመጀመሪያው በውሃ የሚሠራው ነው። ቱቦዎቹ በአሲድ ሲታከሙ ገጻቸው ላይ ካርቦክሲል የሚባሉ አሲዳዊ ቡድኖች ይበቅላሉ፤ እነዚህ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂናቸውን ሲለቁ ቱቦው ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ የሚለጠፈው አኖድ ላይ ነው፤ የሚለበሰው ዕቃ ከፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል። ጉድለቱ ውሃ በኤሌክትሪክ መሰባበሩ ነው፦ በመርህ ደረጃ ከ1.23 ቮልት ጀምሮ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ይወጣሉ፤ አረፋውም ሽፋኑን ይበሳዋል። አኖድ የሆነው ብረትም ሊሟሟ ይችላል።

ሁለተኛው በአይሶፕሮፓኖል የሚሠራው ነው። ትንሽ ማግኒዥየም ናይትሬት ይጨመርበታል። የማግኒዥየም አዮኖች ቱቦዎቹ ላይ ተለጥፈው ፖዘቲቭ ስለሚያደርጓቸው ጉዟቸው ወደ ካቶድ፣ ወደ ኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ፣ ነው። እዚያ ሲደርሱ ማግኒዥየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ስለሚቀር እንደ ማጣበቂያ ያገለግላል። ብረታችሁ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። መዳብ አኖድ ሲሆን ይሟሟል፤ የወጣው የመዳብ አዮንም ብጥብጡን ያጓጉለዋል። አሉሚኒየም ደግሞ አኖድ ሲሆን ኦክሳይድ ይለብስና ኤሌክትሪኩን ያፍናል። ቲታኒየም፣ ግራፋይትና የካርቦን ጨርቅ በሁለቱም መንገድ ይሠራሉ። ስቴንለስ ስቲል በውሃው መንገድ የሚሠራው ቮልቴጁ ዝቅ ሲልና ውሃው ከክሎራይድ ሲነጻ ነው። ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተቀባ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ካቶድ ከተደረገ ቅቡ ይጠቁርና ይበላሻል፤ እሱን አኖድ አድርጉት።

አደጋው የት እንዳለ

ደረቅ ናኖቲዩብ በጣም ቀላል ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ይቦናል። ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ረጅምና ግትር ከሆኑት አንዱን፣ ኤምደብሊውሲኤንቲ-7 የተባለውን፣ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ዱቄቱን ፊዩም ሁድ (አየር እየሳበ የሚያስወጣ የላቦራቶሪ ካቢኔ) ውስጥ፣ የአየር ፍሰቱ ሳይበረታ፣ ፒ100 ወይም ኤፍኤፍፒ3 ጭንብልና ናይትራይል ጓንት አድርጋችሁ መዝኑ። ከተመዘነ በኋላ ወዲያው ይርጠብ፤ እርጥብ ናኖቲዩብ አይቦንም። የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ።

የአሲዱ ድብልቅ ከአሴቶን ወይም ከአልኮል ጋር በጭራሽ አይገናኝ። ናይትሪክ አሲድና አልኮል ተገናኝተው የሚፈነዳ ነገር ያወጣሉ፤ የሁለቱ ቆሻሻም አንድ ዕቃ ውስጥ አይጨመር። አይሶፕሮፓኖል ደግሞ ትነቱ 12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ጀምሮ እሳት ሊይዝ ስለሚችል ክሊፖቹ የሚያያዙትም የሚነቀሉትም ፓወር ሰፕላዩ ጠፍቶ እያለ ብቻ ነው። ቮልቴጁንም ከ60 ቮልት አታሳልፉ፤ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ለእጅም አደገኛ ይሆናል።

ቱቦዎቹን በአሲድ ማከም

ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ፣ ማለትም አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የተደራረበበት፣ ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ከባለ አንድ ግድግዳው ርካሽ ነው፣ አሲዱንም በተሻለ ይችላል። ስፋቱ ከ10 እስከ 30 ናኖሜትር፣ ርዝመቱ ከ1 እስከ 10 ማይክሮሜትር፣ ንጽህናው 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ይበቃል። በጣም ረጃጅሞቹ እርስ በርስ ስለሚተበተቡ ለመበተን አስቸጋሪ ናቸው።

1. ኮኒካል ፍላስክ በረዶ ውስጥ አስቀምጡና 10 ሚ.ሊ ናይትሪክ አሲድ፣ ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነውን፣ ጨምሩ። 30 ሚ.ሊ የ98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በቀስታ፣ እያወዛወዛችሁ አክሉበት። ድብልቁ ይሞቃል።

2. 100 ሚ.ግ ናኖቲዩብ ጨምሩ። ፍላስኩን ሳትከድኑት ፊዩም ሁድ ውስጥ ባለ የአልትራሳውንድ ገንዳ በ50 ዲግሪ ገደማ ለ3 ሰዓት አቆዩት። ገንዳው እየሠራ በራሱ ስለሚሞቅ በየግማሽ ሰዓቱ ቴርሞሜትር አስገቡ። ቡናማ ጭስ በብዛት ከወጣ ሙቀቱ አልፏል፤ አቀዝቅዙት። ከዚህ በላይ ማቆየት ጥቅም የለውም፦ አሲዱ ቱቦውን ይቆራርጠዋል፣ ግድግዳውንም ስለሚበሳው ሽፋኑ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል።

3. ድብልቁን 500 ሚ.ሊ ቀዝቃዛ ዲአዮናይዝድ (አዮኖቹ የተወገዱለት) ውሃ ላይ በቀስታ አፍስሱ። አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይሂድ። ሌሊቱን ይቀመጥና ከላይ የጠራውን በጥንቃቄ አቅርሩ።

4. የቀረውን 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው የፖሊካርቦኔት ወይም ውሃ ወዳድ የቴፍሎን ሜምብሬን በቫኩም አጣሩ። የሚወርደው ውሃ ፒኤች ከ5 በላይ እስኪደርስ ደጋግማችሁ እጠቡ።

አራተኛው እርምጃ አሰልቺ ነው፤ ሰው የሚያሳጥረውም እሱን ነው። ያልታጠበ አሲድ ማለት ብጥብጡ ውስጥ የቀረ ነጻ አዮን ማለት ነው። ነጻ አዮን ሁለት ጉዳት አለው። ቱቦዎቹን የሚያራርቀውን የቻርጅ ሽፋን ያሳሳዋል፤ በዚህ የተነሳ ይጓጉላሉ። ከዚያም ሌላ ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠውን ከረንት አብዛኛውን እነዚህ አዮኖች ይሸከሙታል፤ መርፌው ብዙ ሚሊ አምፔር ያሳያል፣ ብረቱ ላይ ግን የተለጠፈ ነገር አይታይም። እጥበቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የሚወርደው ውሃ ትንሽ ግራጫ ሊል ይችላል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፦ ጨውና አሲዱ ሲወጣ ቱቦዎቹ በራሳቸው መበተን ጀመሩ ማለት ነው።

የታጠበውን ሙሉ በሙሉ አታድርቁት። አንዴ ከደረቀ እንደ ከሰል ይጠነክራል፤ መልሶ መበተኑ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሜምብሬኑን ከነእርጥበቱ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ አራግፉት።

ብጥብጡን ማዘጋጀት

ለውሃው መንገድ፦ እርጥቡን ናኖቲዩብ ወደ 150 ሚ.ሊ ዲአዮናይዝድ ውሃ አድርጋችሁ ለ1 ሰዓት በአልትራሳውንድ ገንዳ በትኑ። የገንዳው ውሃ ሲሞቅ በረዶ ጨምሩበት። ዘንጉ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን ጠንካራ አልትራሳውንድ ከተጠቀማችሁ 10 ደቂቃ፣ ያውም 5 ሰከንድ እየሠራ 5 ሰከንድ እያረፈ፣ ይበቃል፤ ሲበዛ ቱቦውን ይሰባብራል። ከዚያ ፒኤቹ 8 አካባቢ እስኪደርስ ቀጭን አሞኒያ በጠብታ ጨምሩ። ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሞኒያ የሚመረጥበት ምክንያት ሽፋኑ ሲደርቅ ተንኖ ስለሚሄድ ነው። ሌሊቱን አስቀምጡትና ከታች የዘቀጠውን ትታችሁ የላይኛውን ውሰዱ።

አሁን ምን ያህል ናኖቲዩብ እንደቀረ መታወቅ አለበት፤ በማጠብና በመዝቀጥ ብዙ ይጠፋልና። 10 ሚ.ሊ ወስዳችሁ ቀድሞ በተመዘነ ትንሽ ቢከር በ100 ዲግሪ አድርቁና መዝኑ። 5 ሚ.ግ ከሆነ ክምችቱ 0.5 ሚ.ግ በሚ.ሊ ነው፤ ለመጀመር ጥሩ ነው። ከ1 ሚ.ግ በላይ ከሆነ አቅጥኑት፤ የወፈረ ብጥብጥ ፈጥኖ ይጓጉላል፣ ሽፋኑም ሻካራ ይወጣል።

ለአይሶፕሮፓኖሉ መንገድ፦ 100 ሚ.ሊ አይሶፕሮፓኖል፣ 10 ሚ.ግ ናኖቲዩብ፣ 10 ሚ.ግ ማግኒዥየም ናይትሬት ሄክሳሃይድሬት። ጨው ከዚህ በላይ ከበዛ ቱቦው ይጓጉላል፤ የሚለጠፈውም ከናኖቲዩብ ይልቅ ነጭ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ናኖቲዩቡን ለብቻ ለ1 ሰዓት በትኑ፤ ጨውን በጥቂት አልኮል አሟሙታችሁ ቀጥሎ አክሉና ለ30 ደቂቃ እንደገና በትኑ። ሳይቆይ ተጠቀሙበት፤ አልኮል ውስጥ ያለው ብጥብጥ እንደ ውሃው ለሳምንታት አይቆይም።

ብጥብጡ ደህና መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ ካላችሁ ዜታ ፖቴንሻሉን (የቱቦዎቹ ቻርጅ ምን ያህል እንደሚያራርቃቸው የሚያሳየውን ቮልቴጅ) ለኩ፤ ቁጥሩ ምልክቱን ሳይቆጥሩ ከ30 ሚሊ ቮልት በላይ ከሆነ ይቆያል። ከሌላችሁ ማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ደህና የተበተነው ዳር ድረስ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይሰፋል። የተጓጎለው ግን መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ትቶ ዙሪያውን ንጹህ ውሃ ብቻ ይሰዳል። ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሥራ በጀመራችሁ ቁጥር አድርጉት።

ብረቱና ሴሉ

ብረቱን በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ፈግፍጉት። ከዚያ በአሴቶን፣ በኤታኖልና በዲአዮናይዝድ ውሃ በተራ ለ10 ደቂቃ ያህል በአልትራሳውንድ እጠቡት። መጨረሻ ላይ ውሃው ገጹን ሳይቋረጥ ካለበሰው ንጹህ ነው፤ እየተንጠባጠበ ከተሰበሰበ ዘይት አለበት፣ ድገሙት። ካደረቃችሁ በኋላ መዝኑት፣ በጣትም አትንኩት።

ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ትይዩ ሆነው በ1 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ለአይሶፕሮፓኖሉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሻላል። ርቀቱን የሚጠብቅ የቴፍሎን ቁራጭ ከላይ አድርጉ። ማዶኛው ኤሌክትሮድ ግራፋይት ወይም ስቴንለስ ስቲል ሆኖ ከሚለበሰው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ይብለጥ። ጠርዝ ላይ የመስኩ ጥንካሬ ስለሚበዛ ሽፋኑ እዚያ ይወፍራል፤ ይህ ካልተፈለገ ጠርዙን በፖሊኢማይድ ፕላስተር ሸፍኑ፣ ጀርባውንም እንዲሁ። ክሊፑ ብጥብጡን አይንካ።

ስንት ቮልት፣ ስንት ደቂቃ?

ሃማከር የተባለ ተመራማሪ በ1940 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር መነሻ ይሰጣል፦ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚለጠፈው ክብደት የተንቀሳቃሽነት (ቱቦው በ1 ቮልት በሳንቲ ሜትር መስክ የሚጓዝበት ፍጥነት)፣ የመስክ ጥንካሬ፣ የክምችትና የጊዜ ብዜት ነው። ዜታ ፖቴንሻሉ 40 ሚሊ ቮልት ገደማ የሆነ ቱቦ ውሃ ውስጥ ተንቀሳቃሽነቱ 0.0003 ካሬ ሳንቲ ሜትር በቮልት በሰከንድ ያህል ነው። በ10 ቮልት በሳንቲ ሜትር፣ በ0.5 ሚ.ግ በሚ.ሊ፣ በ300 ሰከንድ ሲባዛ 0.45 ሚ.ግ ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፤ የደረሰው ሁሉ አይለጠፍም፣ ከቮልቴጁም ከፊሉ ኤሌክትሮዶቹ ገጽ ላይ ስለሚጠፋ ፈሳሹ ውስጥ ያለው መስክ ከተሰላው ያንሳል።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር ይወጣል። ቱቦው በእነዚያ 300 ሰከንዶች የሚጓዘው 0.9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማለትም በኤሌክትሮዶቹ መሐል ያለው ናኖቲዩብ ሊያልቅ ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ጊዜ መጨመር ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። የወፈረ ሽፋን ከተፈለገ ኤሌክትሮዶቹን አውጥታችሁ ብጥብጡን አወዛውዙና ድገሙ፤ ሦስት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

አይሶፕሮፓኖል ዳይኤሌክትሪክ ቋሚው (የኤሌክትሪክ መስክን የሚያዳክምበት ልክ) ከውሃ ሩብ አይሞላም፣ ውፍረቱ (ፍሰትን የመቋቋም አቅሙ) ደግሞ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ቱቦው እዚያ የሚጓዘው በአንድ አሥረኛ ፍጥነት ነው። ከ40 እስከ 50 ቮልት በግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ማልበስ

1. ኤሌክትሮዶቹን አስገቡና ፈሳሹ እስኪረጋ 1 ደቂቃ ጠብቁ።

2. ዋልታውን እንደገና አረጋግጡ፦ ለውሃው የሚለበሰው ፖዘቲቭ፣ ለአይሶፕሮፓኖሉ ኔጌቲቭ።

3. ቮልቴጁን አስቀድማችሁ አስተካክሉና አብሩ፦ ለውሃ ከ5 እስከ 10 ቮልት፣ ለአይሶፕሮፓኖል ከ40 እስከ 50። ከረንቱን በመጀመሪያውና በየ30 ሰከንዱ ጻፉ። ማማሰል አያስፈልግም።

4. ለመጀመሪያ ሙከራ ከ2 ደቂቃ በላይ አትሂዱ።

በባትሪ ብርሃን ቢከሩን ከጎን ብታዩት ማዶኛው ኤሌክትሮድ አጠገብ ጥቁሩ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይጠራል፤ ጠርዙ እንደ መጋረጃ ወደ ሚለበሰው ብረት ይሸሻል። ይህ ካልታየና ከረንቱ ከፍ ካለ ወደ ናኖቲዩቡ እጥበት ተመለሱ።

ማውጣትና ማድረቅ

ቮልቴጁ ሳይጠፋ ብረቱን በቀስታ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት፤ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ቮልቴጁ ከጠፋ በኋላ ፈሳሹ ውስጥ የቆየ ሽፋን ከፊሉ ተመልሶ ይበተናል። አልኮል ውስጥ ስትሠሩ ግን ኤሌክትሮዶቹ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ፤ ብልጭታ አይፈለግም።

ሽፋኑ ገና ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ ውሃው ከመሐሉ ሲወጣ ቱቦዎቹን እርስ በርስ ይስባቸዋል፣ ስንጥቅ የሚወለደውም ያኔ ነው። ስለዚህ ብረቱን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ በተገለበጠ ቢከር ከድኑትና በክፍል ሙቀት ሌሊቱን ይድረቅ። በሙቅ አየር ማድረቅ ሽፋኑን እንደ ደረቀ ጭቃ ያሰነጣጥቀዋል። ከደረቀ በኋላ በ150 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ማቆየት የቀረውን እርጥበት ያወጣል፣ መጣበቁንም ያጠነክራል። ከዚህ ከፍ ያለ ሙቀት ከፈለጋችሁ በአርጎን ውስጥ አድርጉት፤ ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ አየር ባለበት ወደ 500 ዲግሪ ሲጠጋ መቃጠል ይጀምራል።

መለካት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ብረት ላይ የተለበሰን ሽፋን መልቲሜትር ጫፍ አስነክቶ ተከላካይነቱን መለካት ትርጉም የለውም፤ ከረንቱ የሚያልፈው ከሥር ባለው ብረት በኩል ነው። ከባዶው ብረት ክብደት ጋር ያለውን ልዩነት 0.1 ሚ.ግ በሚያነብ ሚዛን መዝኑ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁም ሳቡ። ፕላስተሩ ላይ ግራጫ ጥላ ብቻ ቢመጣ ጥሩ ነው፤ ብረቱ ወጥቶ ከታየ አልተጣበቀም።

ሲበላሽ

ምንም አልተለጠፈም። ቀድማችሁ ማዶኛውን ኤሌክትሮድ እዩ፤ ጥቁር ከሆነ ዋልታው ተገልብጧል። ከረንቱ ዜሮ ከሆነ ክሊፑ አልነካም። ከረንቱ ብዙ ሆኖ ሽፋን ከሌለ ነጻ አዮን ነው፣ ብጥብጡን እንደገና አጣሩና እጠቡ።

ክብ ክብ ቀዳዳ። አረፋ ነው። በውሃ ከሆነ ወደ 5 ቮልት ዝቅ በሉና ጊዜውን በእጥፍ አስረዝሙ፤ ወይም አንድ ሦስተኛውን ውሃ በኤታኖል ተኩ፤ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ከቻለ ቮልቴጁን እያቋረጣችሁ ስጡ። አረፋውን ጨርሶ ለማጥፋት ግን አትሞክሩ፦ ውሃው ሲሰበር አኖዱ አጠገብ የሚፈጠረው አሲድ ነው ቱቦዎቹን ቻርጃቸውን አሳጥቶ እንዲለጠፉ የሚያደርጋቸው። ጥቂት ያስፈልጋል።

ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቀለም። አኖዱ እየሟሟ ነው። ቮልቴጁን ቀንሱ፣ ቲታኒየም ተጠቀሙ ወይም ወደ ካቶዱ መንገድ ተሻገሩ። ያ ብጥብጥ የብረት አዮን ስለገባበት ለሌላ ዕቃ አይሆንም።

ሽፋኑ በሚወጣበት ጊዜ እንደ መጋረጃ ተንሸራቶ ይወድቃል። ወይ በጣም ወፍሯል ወይ ብረቱ አልጸዳም። ጊዜውን በግማሽ ቀንሱ፤ አሁንም ከወደቀ የብረቱን እጥበት ድገሙ።

ጥራጥሬ ጥራጥሬ ያለበት ገጽ። ብጥብጡ ተጓጉሏል። በ3000 ዙር በደቂቃ ለ15 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አድርጉትና የላይኛውን ብቻ ውሰዱ፤ ክምችቱ ስለሚቀንስ እንደገና ለኩ።

የውሃው ብጥብጥ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ግን ከጥቂት ዕቃ በኋላ ክምችቱም ፒኤቹም ስለሚወርዱ 10 ሚ.ሊውን የማድረቅ ልኬት ድገሙ። የሚጣለውን በሜምብሬን አጣርታችሁ ጥቁሩን ከነሜምብሬኑ እርጥብ እንዳለ በተዘጋ ዕቃ ለአደገኛ ቆሻሻ አስረክቡ፤ ቧንቧ ውስጥ አይፍሰስ።